«አይ፣ አትቸገር» ያልኩበት ሪል

የባሌ እህት ጽጌ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት በፋሲካ ምሳ፣ አርባ ሰው ፊት «በላይነሽ እኮ ባኞ ገንዳ ውስጥ እንኳ መቀመጥ ትፈራለች» ብላ አሳቀችብኝ።

ውሃ እንደምፈራ በምስጢር የነገርኳት እኔው ነኝ!

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ደግሞ አታምኑኝም። ቪዲዮው ለዘመድ ሁሉ ከመዳረሱ በፊት ከራሴ አፍ ስሙት።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቤዛ «ቅዳሜ ጋልቬስተን ባሕር ዳር ሄደን ፒር ላይ ዓሣ እናጥምድ» አለች። ፒር ማለት ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ የእንጨት መተላለፊያ ነው። ጽጌ ቀድማ «እናትሽን ተዪያት፣ አትደፍርም» አለች።

እሄዳለሁ አልኩ። የራሴን ዕቃ ይዤ!

ሶ፣ እዚሁ ከተማችን ጋርላንድ ውስጥ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ገባሁ። ግድግዳው ሙሉ ሪል ነው፤ ያ ክሩ የሚጠመጠምበት፣ በእጅ የሚዞረው መዘውር። እኔ ትልቁን አነሳሁ። ባሕር አይደል? ሻጩ ፈረንጅ ሽማግሌ ግን «ይሄ ለጀልባ ነው፣ ክንድሽን ያዝለዋል» ብሎ መካከለኛ አወጣልኝ። ጨው የማይበላው፣ ለጀማሪ የማያስቸግር፣ ዓሣ ሲጎትት ክሩን በልክ የሚለቅ። ጥሩ ምርጫ ነበር። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም።

«ክሩን ልጠምጥምልሽ? በነጻ ነው» አለኝ።

«አይ፣ አይ፣ አትቸገር!»

እንደ ወጉ «ምን ችግር አለው» ይለኛል፣ እኔ «ኧረ ተው» እላለሁ፣ ሦስተኛው ላይ እሺ እለዋለሁ ብዬ እየጠበቅኩ ነው።

«ኦኬ!» ብሎ ከረጢት ውስጥ ከተተው።

አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀኝ!

መልሼ ለመጠየቅ አፈርኩ። ቤት ገብቼ ራሴው ጠመጠምኩት። ጫፉን ሪሉ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ዛሬ ከቤዛና ከጽጌ ጋር ሄደን ፒሩ ላይ ወጣሁ።

በሳንቃዎቹ ስንጥቅ ውሃው ከእግሬ ሥር ሲነሳና ሲወድቅ ይታያል። እንጨቱ ሁሉ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ቤዛ ክንዴን ይዛ እስከ መካከሉ አደረሰችኝ፣ መንጠቆውን ወረወረችልኝ፣ ሪሉ የታሰረበትን ዘንግ አስያዘችኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ጎተተ።

ሪሉ ጮኸ። ክሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። እኔን ሊወስደኝ የመጣ መሰለኝ! «ኪዳነ ምሕረት!» ብዬ ሳንቃው ላይ ዘጭ አልኩ። ዘንጉን ግን አልለቀቅኩም።

የለቀቀው ፕላስተሩ ነው።

ዓሣው ክሬን በሙሉ ይዞት ሄደ! ባዶ ሪል ታቅፌ ቀረሁ። ዙሪያዬን ያሉት አጥማጆች ሁሉ ሳቁ። ልነሳ ብል እግሬ እምቢ አለ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እስከ መግቢያው ድረስ በአራት እግሬ እየዳህኩ ተመለስኩ።

«አንቺ! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀርጬሻለሁ! ነገ ማኅበር ላይ ነው የማሳየው!» ጽጌ ናት። በሳቅ ሞታለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

የቆመችው አሸዋው ላይ ነው።

ሶ፣ ቪዲዮውን ስታዩ ልብ በሉ፤ ከሩቅ ዙም የተደረገ ነው። ጽጌ አንዲት ሳንቃ እንኳ አልረገጠችም! ቤዛን «ጫማዬ አይመችም» ብላት ነው የቀረችው። ጫማዋ እኮ ስኒከር ነው!

ታዲያ ከሁለታችን ፈሪዋ ማን ናት? እኔ ቢያንስ የዳህኩት ባሕር ላይ ነው።

አሁን ወደ ቤት እየተመለስን ነው። ቤዛ ትነዳለች። ጽጌ ከፊት ተቀምጣለች፣ እኔ ከኋላዋ።

እዚህ ፖስት ላይ ታግ አድርጌያታለሁ።