ወለል ላይ የተሰጣ ሐሳብ

በ2004 ዓ.ም. መስከረም፣ የጅዳ ሙቀት ገና ሳይበርድ፣ ልጄ ዘሀራ ከወሎ መጥታ መካ ሁለተኛ ዲግሪዋን ጀመረች፤ አልሐምዱሊላህ። እኔ ጅዳ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ።

አዲስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በተማረ ቁጥር ግራ የሚጋባ ፍጡር ነው። «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ስላት፣ «እማዬ፣ ገና ጥያቄዬን እየፈለግሁ ነው» አለችኝ። እኔ መልስ ፍለጋ የሄደች መስሎኝ!

በዕረፍቴ ቀን ልጠይቃት መካ ሄድኩ። የክፍሏ ወለል በሙሉ ወረቀት ነው። ለዙሁር ሶላት ውዱእ ልታደርግ ስትወጣ፣ እጄ ማረፍ አያውቅምና፣ አሠሪዬ ማዳም እንደምትወደው ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ አድርጌ ደረደርኩት።

ተመልሳ ገና በሩ ላይ ሳለች ጮኸች።

«ያ አላህ! እማዬ፣ ነገ ለአስተማሪዬ የማቀርበው ሐሳብ እኮ ነው! በቅደም ተከተል ዘርግቼው ነበር።»

«ሐሳብም እንደ በርበሬ ወለል ላይ ይሰጣል እንዴ?»

እንባዋ እየመጣ ሳቀች። እስከ መግሪብ እሷ እያነበበች፣ እኔ እያስቀመጥኩ መልሰን ዘረጋነው። ምኑም አልገባኝም።

በማግስቱ ጠዋት፣ እሷ አስተማሪዋ ፊት በምትቀርብበት ሰዓት፣ እኔ ጅዳ ተመልሼ የማዳምን ልጅ ክፍል ላጸዳ ገባሁ። ወለሉ ላይ ወረቀት ተበትኗል። ለዘሀራ ዱዓ አድርጌ፣ ምንም ሳልነካ በሩን ዘጋሁት።