ሁለቱ ጓጉንቸሮች

መጋቢት ሃያ ሦስት ቀን ነበር ልል ነበር፤ እናቴ ግን «ሚያዝያ ገብቷል» ትላለች። ቀኑን አስረግጬ ብናገርም እኚያ ሰው «ማን አለ?» ማለታቸው አይቀርም።

በየሰፈሩ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ የነገሩትን የማያምን፣ ያየውንም ሁለተኛ ካላየው የማይቀበል። የእኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ጥርጣሬ» ብሎ ሰይሟቸዋል። ልብስ ሰፊው «ካጠፋሁት ግማሽ ሰዓት ሆነኝ» ቢላቸው «ማን አለ?» ይሉታል። ፀጉር አስተካካዩ «ነቅዬዋለሁ፣ ገመዱ ይኸው በእጄ» ቢላቸው ገመዱን ተቀብለው ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ተከትለውታል። «ደህና ነኝ» ያላቸውን ሰው ሳይቀር «ማን አለ?» ይላሉ እየተባሉ ይታማሉ። ይህን እንኳ በጆሮዬ አልሰማሁም።

ያን ቀን የጠራኋቸው በእናቴ ምክንያት ነው። የኋላ ክፍሏ መብራት ሲያሰኘው ይበራል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል። በዚያ ሳምንት ድንገት ድርግም ብሎባት የአልጋው እግር አደናቀፋትና ወደቀች፤ ጉልበቷ አበጠ። በእሷ ዕድሜ ሁለተኛ መውደቅ ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ክቡርነታቸው ቦርሳቸውን አንግተው ገቡ።

«አጥፍቼልዎታለሁ፣ ጋሼ» አልኩ።

«ማን አለ?»

«እኔ ነኛ። የመብራት ማከፋፈያው ሳጥን ውስጥ ‹የኋላ ክፍል› የሚለውን ማጥፊያ ብሬከር። አባቴ በእጁ የጻፈው ነው።»

«አባትህ አሉ?»

«ካረፈ ስምንት ዓመቱ።»

«ነፍስ ይማር። እንግዲያው ሽቦውን ራሱን እንጠይቀው።»

መጀመሪያ ሳሎን ሄደው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚበራውን ቴስተራቸውን በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞከሩት፤ በራ። ደህና መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ወደ ኋላ ክፍል ተመለሱ። አምፖሉ ሥር ወንበር ቆሟል፤ የአምፖሉ መያዣ ክዳንና ሁለት ብሎኖች አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ወንበሩ ላይ ወጡና ቴስተሩን ሽቦው ላይ አስነኩት።

በራ።

አምፖሉ ግን ጭልም እንዳለ ነው።

«አባትህ ኋላ ላይ ክፍሉን ከወጥ ቤቱ መስመር ቀጥለውታል፤ ጽሑፉን አልቀየሩትም» አሉ ሲወርዱ። «ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው ሽቦ ላልቶ አምፖሉ ጠፋ እንጂ የሚያመጣውማ እንዳለ ነው። ይሄን ክዳን ማን ፈታው?»

«እኔ። ጠዋት ልሞክረው ብዬ …»

«ምን አስተወህ?»

«እማዬ ቁርስ ቀርቧል ብላ ጠራችኝ።»

«ሲጠሩህ ቶሎ ሂድ» አሉኝ።

ሁለት ዲግሪ አለኝ፤ ያን ሰዓት ግን የጣቶቼን ቁጥር ብጠየቅ የምመልስ አይመስለኝም።

ትክክለኛውን ብሬከር ፈልገው አጠፉ። የሳጥኑን በር ዘጉና ጓጉንቸር ቆለፉበት። ቀጥለው ሌላ፣ ቀለሙ የተላላጠ ጓጉንቸር ከጎኑ ደገሙ።

«ለምን ሁለት?»

«ሥራው ውስጥ የገባ ሁሉ የራሱን ይቆልፋል። ሲጨርስም ራሱ ይከፍታል፤ የሰው አይከፈትም። አንድም ቢሆን እስከቀረ ድረስ መብራቱ አይመጣም።»

«እርስዎ ግን ብቻዎን ነዎት።»

«አንዱ የእኔ ነው» አሉና ወደ ሳሎን ሄዱ።

ቴስተሩን ሳሎን ሞከሩት፤ በራ። ሽቦው ላይ፤ ዝም አለ። ተመልሰው ሳሎን፤ በራ።

«እኚህ ሰው ሊሠሩ ነው ወይስ ቤቱን ሊዞሩልን ነው የመጡት?» አለች እናቴ ካልጋዋ ሆና።

«ሁለቱንም ነው፣ እናቴ» አሏት።

የላላውን መጋጠሚያ ፈተው አሳዩን። አባቴ በጥቁር ፕላስተር ደጋግሞ ጠቅልሎት ነበር። «እጃቸው ጥሩ ነበር። ጊዜ አላላው እንጂ ያሰሩትስ ደህና አድርገው ነው» አሉ። እናቴ ፕላስተሩን ተቀብላ ትራሷ ሥር አስገባችው።

ሲጨርሱ ወደ ሳጥኑ ተከተልኳቸው። የራሳቸውን ጓጉንቸር ከፈቱ። በተላላጠው ላይ ግን እጃቸው ቆየ፤ በር ላይ ቆሞ የሚመጣውን እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ ከሸሚዛቸው የውስጥ ኪስ ሌላ ቁልፍ አውጥተው ከፈቱት፣ በመሐረብ ጠቀለሉት፣ ቦርሳቸው ሥር አስቀመጡትና ብሬከሩን መለሱት።

«መጣ!» አለች እናቴ ከኋላ።

ገብተው በዓይናቸው አዩ፤ ማብሪያውን ሦስቴ አጥፍተው አበሩ። ያን ሁሉ ዓመት የሳቅኩበትን ቃላቸውን ያን ጊዜ መልሼ ልጠይቃቸው ፈለግኩ፤ ያ የተላላጠ ጓጉንቸር ባለቤቱን ባጣ ቀን፣ ጠፍቷል ብሎ ማን አለ? እናቴ ግን ደግፌ እንዳስቀምጣት እጇን ዘረጋች፤ ስትጠራኝ ቶሎ መሄድ ነበረብኝ።

ትራሷን አስተካክዬ ደጅ ስወጣ ጋሼ ሄደው ኖሮ መንገዱ ላይ አልነበሩም።