ሾፌር ሙሀመድዘይን ከአልጋው ባለመነሣቱ ድል የነሣበት ዜና

አብዮቱ በፈነዳ በሰባተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ሕፃን ላጢፋ በተወለደች በስድስተኛው ወር፣ ክረምቱ ወጥቶ የአቃቂ ወንዝ ወደ ልኩ በተመለሰ ጊዜ፣ ከቃሊቲ ኬላ ወዲያ ባለች አንዲት ግቢ የሆነውን ነገር፣ እኔ ቀናው፣ ቀድሞ የቅኔ ተማሪ፣ ዛሬ የፋብሪካ መጋዘን ጠባቂ፣ ከዚያ ቤት በአንዲት የጭቃ ግድግዳ ብቻ ተለይቼ የማድር፣ ጥቂቱን በዓይኔ አይቼ፣ ሁሉንም ግን በጆሮዬ ሰምቼ ጻፍሁት።

ጀግናው ሙሀመድዘይን ይባላል፤ ትውልዱ ከወሎ፣ ሥራው የጭነት መኪና ሾፌርነት፣ የአሰብን ሐሩር የቀመሰ፣ የታርማበርን ጉም በመብራቱ የሰነጠቀ፣ ጎማ ሲፈነዳ የማይደነግጥ፣ በኬላ ፍተሻ ፊት የማይንተባተብ። ባለቤቱ ኡምሀኒ ትባላለች፤ ንግግሯ አጭር፣ ውሳኔዋ ይግባኝ የሌለው። የእነርሱም የበኩር ልጅ ላጢፋ ናት። ላጢፋ ማለት በዐረብኛ ለስላሳ ማለት ነው፤ ስሟን ያወጡት ግን በቀን ያዩዋት ሰዎች ናቸው። በዚህ ዜና ውስጥ «ንግሥት» ብዬ ልጠራት ወድጄ ነበር፤ ቃሉ በዚያ ዘመን በቀበሌ ያስጠይቅ ነበርና «ጓዲት ላጢፋ» አልኋት።

ጓዲት ላጢፋ ቀን ቀን ሰላማዊት ነበረች፤ ለመጣ ሁሉ ትስቃለች፣ የያዘችውን ሁሉ ትልሳለች። ሲመሽ አባቷ በክንዱ አቅፎ፣ ከበር እስከ ጓዳ እየተመላለሰ፣ «እሹሩሩ» እያለ ያስተኛታል፤ እርሷም በክንዱ ላይ ትተኛለች። ወደ አልጋዋ አውርዶ ጎኑን ባሳረፈ ጊዜ ግን ትነቃና ትጮኻለች፤ ዳግመኛ ይነሣል፣ ዳግመኛ ያቅፋታል፣ ዳግመኛ ያወርዳታል፣ ዳግመኛም ትጮኻለች፤ እንዲህም እያሉ የፋብሪካው ፊሽካ እስኪነፋ ይደርሳሉ። ሰዓት እላፊ ገብቶ ውሻ እንኳ ድምፁን ቀንሶ በሚያልፍበት ጊዜ፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድምፅዋን የምታሰማ በአካባቢው እርሷ ብቻ ነበረች።

ከዚህም የተነሣ ጀግናው ከሳ፣ ዓይኖቹም ቀሉ። አንድ ቀን ከሞጆ ሲመለስ መሪው ላይ እንቅልፍ ጣለው፤ ሲነቃም መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ በጤፍ ማሳ መካከል ቆሞ ነበር፤ አንድ በሬም ከፊት ለፊት ሆኖ በመስታወቱ አሻግሮ ይመለከተው ነበር። ሰውም በሬም አልተጎዳም። ኡምሀኒ ይህን በሰማች ጊዜ አስቀድማ ሳቀች፣ ቀጥላም አለቀሰች፤ ወደ አሰብ የሚወርድበት ጊዜ ቀርቦ ነበርና፣ በዚያም ገደል መንገድ ዳር የሚቀበል ለስላሳ የጤፍ ማሳ የለምና።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ግቢው ለምክር ተሰበሰበ። የግቢው አንጋፋ፣ ብዙ ልጅ ያሳደጉ፣ ከማንም ምክር የማይቀበሉ እማማ ዳሲቱ ጤና አዳም ይዘው መጡ፤ በፈትል ክፍል የምትሠራ፣ ሳቁ ከተባለ ከሁሉ ቀድማ የምትስቅ ፈለቀች ጥጥ ይዛ መጣች፤ ጥጡም ለሕፃኗ ሳይሆን ለአባትየው ጆሮ ነበር፤ ባለ ሱቁ ጁማ ራዲዮኑን ይዞ መጣና «የልማት ዜና ሲነበብ የማይተኛ ፍጡር የለም!» ብሎ አወጀ። ጓዲት ላጢፋ ዜናውን ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መጨረሻው አዳመጠች። እኔም በግድግዳው ማዶ ሆኜ ቅኔ አዜምሁ፤ እኔ ተኛሁ፣ እርሷ አልተኛችም።

በአንዱ ምሽት ጀግናው ምርር ብሎት፣ ሕፃኗን ታቅፎ በደጅ ወደቆመው መኪናው ጋቢና ወጣና ሞተሩን አስነሣ። ሞተሩም አጓራ፣ ጋቢናው ተንቀጠቀጠ፣ ጓዲት ላጢፋም ወዲያው ተኛች። ጀግናው አላህን አመስግኖ ሞተሩን አጠፋ፤ ነቃች። አስነሣ፤ ተኛች። አጠፋ፤ ነቃች፤ በዚህ መካከል ግን መንደሩ በሙሉ ነቅቶ ነበር።

ያን ጊዜ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ጉተማ፣ በወታደር ካፖርት ተጠቅልሎ፣ ጠብመንጃ አንግቶ፣ ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ ደረሰና ይህን አዋጅ ነገረ፦

«ስማ! የሰፊው ሕዝብ ናፍጣ የቡርዧ ልጅ ማስተኛ አይደለም! በሰዓት እላፊ ሞተር ያስነሣ ሁሉ፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው፣ ቀበሌ ያድራል!»

ሕፃኗን ለእናቷ ሰጥተው ጀግናውን ወሰዱት። ኡምሀኒ በር ላይ ቆማ እስኪርቅ ድረስ ተከተለችው በዓይኗ፤ በዚያ ዘመን በሌሊት የሄደ ሰው መመለሱ በአላህ እጅ ነበርና። ጀግናው ግን በቀበሌው አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎኑን እንዳሳረፈ፣ እንደተቆረጠ ግንድ ወደቀና ተኛ። ጠዋት ሊለቁት ቢቀሰቅሱት ይህን አወጀ፦

«ጓድ ጉተማ፣ ወላሂ ጥፋቴ ከባድ ነው! ዛሬም እሰሩኝ!»

ከዚያ ቤት እንዲወጣ የለመነ ብዙ ነው፤ እንዲገባ የለመነ ግን ከሙሀመድዘይን በፊት አልተሰማም። ጓድ ጉተማም ይህ ምን ዓይነት ሤራ ነው ብሎ ሲያስብ ቆየና አባረረው።

በዚያችው ሌሊት ግን በቤቱ ታላቅ ነገር ተገልጦ ነበር። ኡምሀኒ በድንጋጤና በድካም ክንዷ ዝሎ፣ ሕፃኗን ልታቅፍ ስላልቻለች አጥብታ፣ ኩራዙን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗ እንደተገለጠ አልጋዋ ላይ አስተኛቻት፣ እጇንም በሆዷ ላይ አኖረች። ጓዲት ላጢፋ አጉረመረመች፣ ከቆርቆሮው ጣራ ጋር ጥቂት ተነጋገረች፣ ጡጫዋን አኘከች፣ ተኛችም። ወደ እኩለ ሌሊት ድምፅ አሰማች፤ ኡምሀኒ ለመነሣት ኃይል እስክታገኝ ስትዘገይ ሕፃኗ ዓይኗን ሳትገልጥ ራሷ ዝም አለች። እናትየውም በጨለማ ቁጭ ብላ ነገሩን መረመረች፣ አስተዋለችም። ባልዋ በጠዋት ደህና ሆኖ በመጣ ጊዜ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ካለቀሰች በኋላ እንዲህ ብላ አወጀች፦

«ሙሀመድ፣ ስማኝ! ልጃችን አልታመመችም፣ ዓይንም አልበላትም። ክንድህ ላይ ተኝታ አልጋ ላይ ስትነቃ ነው የምትጮኸው። አንተ ጋቢና ውስጥ ተኝተህ ሜዳ ላይ ብትነቃ ዝም ትላለህ? ከዛሬ ጀምሮ እያየች አልጋዋ ላይ ትተኛለች። ስታጉረመርም ማንም አይነሣም። ካለቀሰች እኔ እነሣለሁ፣ አጠባታለሁ። መብራት የለም፣ ጨዋታ የለም፣ ሞተር የለም!»

ጦርነቱም ተጀመረ። በመጀመሪያዋ ሌሊት ሕፃኗ እንዳጉረመረመች ጀግናው ከአልጋው ዘለለ፤ ኡምሀኒ በሽርጡ ያዘችው፤ ሽርጡ በእጇ ቀረ፣ ጀግናው አመለጠ፣ ልጁንም ታቀፈ፤ እስኪነጋም አላወረዳትም። በማግስቱ ሱሪ በቀበቶ አስታጥቃ አስተኛችው።

በዚያችም ሌሊት ጓዲት ላጢፋ አጉረመረመች። ጀግናው ሁለት እጆቹን ከመቀመጫው በታች አድርጎ ተቀመጠባቸው። ግንባሩን አላበው፤ ከአሰብ ሐሩር ይልቅ ያች የመቆያ ጊዜ ጸናችበት። እኔም በማዶ ትንፋሼን ያዝሁ። በዚህ ጊዜ እማማ ዳሲቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ግቢውን አቋርጠው በሩን ገፉና «ልጅቷን ልትገድሏት ነው? ሰው የለም በዚህ ቤት?» ብለው አወጁ። ኡምሀኒም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ እያጉረመረመች ነው እንጂ አላለቀሰችም፤ እስቲ ይቀመጡና ይስሙ» አለቻቸው። እማማ ዳሲቱ ለመፍረድ በአንድ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ አዳመጡ፤ ከሕፃኗም ቀድመው ተኙ። ቀጥላ ሕፃኗ ተኛች። ጀግናው ግን በእጆቹ ላይ እንደተቀመጠ፣ ዕንባው እየወረደ፣ ልጁ ያለ እርሱ መተኛት እንደምትችል ይመለከት ነበር፤ ደስታም ሆነለት፣ ጥቂትም ከፋው።

ይህም በአንድ ሌሊት የተፈጸመ አይደለም። ያሸነፉበት ሌሊት ነበረ፤ የተሸነፉበትም ነበረ፤ ጉንፋን ይዟት ሕጉ ሁሉ የፈረሰበትና እናቷ ታቅፋት ያደረችበት ሌሊትም ነበረ። ቀን ቀንም እናቷ ግርግር ከሌለበት ጓዳ እየወሰደች፣ ሌሊት እንዳይርባት ጠግባ እንድትጠባ አደረገቻት። ከሳምንታት በኋላ ጓዲት ላጢፋ ለወተት ብቻ የምትነሣ ሆነች፤ ይህም ለዕድሜዋ የሚገባ ነውና ማንም አልተቃወመም። ጀግናውም እንቅልፉን ጠግቦ ወደ አሰብ ወረደ።

ብዙ ቀን ቆይቶም በደህና ተመለሰ፤ በገባበት ምሽት ልጁ ተኝታ ነበር። በላይዋ ቆመ፤ ያደገች መሰለው። አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ሳለ፤ አልነቃችም። ጫማውን ከፍ አድርጎ ጣለው፤ አልነቃችም። በሩን ከፍቶ በኃይል ዘጋው፤ እኔ ነቃሁ፣ እማማ ዳሲቱ ነቁ፣ የጁማ ውሻ ነቃ፤ እርሷ ግን ከንፈሯን ጠባ አደረገችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከጨለማውም ውስጥ የመጨረሻው አዋጅ ተሰማ፦

«ሙሀመድ! ብትቀሰቅሳት፣ ወላሂ፣ በመኪናህ ነው የምታድረው!»

እነሆ፣ ሙሀመድዘይን የታርማበር ጉም ያልበገረው፣ የኬላ ፍተሻ ያላስደነገጠው፣ እጆቹን በራሱ ክብደት የማረከ፣ ያለ ጦርና ያለ ናፍጣ ድል ያደረገ ጀግና፣ ከድሎቹ ሁሉ የሚበልጠውን በዚያች ሌሊት ፈጸመ፤ ልጁን እንደናፈቀ፣ ሳይቀሰቅሳት፣ በእግሩ ጣት እየረገጠ ሄዶ ተኛ። ምስጋና ለእርሱ ይሁን፤ ከእርሱም አስቀድሞ ለኡምሀኒ።