ቀዩ ሻንጣ

[ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ድምፅ። በዚያ በአብዮቱ ዘመን፣ ባለከለር ቴሌቪዥን ገና ብርቅ ሳለ፣ ወሎ ሰፈር ውስጥ አውሮፕላን ሲያልፍ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ እንኳ ይቆም ነበር፤ ቆርቆሮው እየተንቀጠቀጠ ማን ማንን ይሰማል? ጓድ ረታ ጣቱን ቀስሮ፣ አፉን እንደከፈተ ይጠብቃል። ሚስቱ አፀደ በእጅ የምትዞር የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች። ድምፁ ይርቃል።]

ረታ፦ ...ቀይ ነው አልኩሽ!

አፀደ፦ ጥቁር ነው።

ረታ፦ ሴትዮዋ ትናንት ማታ በድራማው ላይ ባሏን ጥላ ስትወጣ የያዘችው ሻንጣ ቀይ ነው! ደም የመሰለ ቀይ!

አፀደ፦ እኔ እንጃ፣ ለእኔስ ጥቁር ሆኖ ነው የታየኝ።

ረታ፦ ማየት ሌላ፣ ማስተዋል ሌላ!

አፀደ፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን አንተ ትናንት የውይይት ክበብ አልነበረህም እንዴ?

ረታ፦ [ሳል ይዞት] ነበረኝ እንጂ! ሲያልቅ ቀበሌው አዳራሽ ገባ ብዬ፣ ከኋላ ቆሜ አየሁት።

አፀደ፦ ውይ! እኛ የሴቶች ማኅበር አባላት እኮ ከፊት ነበርን። ምነው ሳትጠራኝ?

ረታ፦ ሰው ልረብሽ? ደግሞ ድራማው አናዶኛል። ባልየው ጅል ነው! ውሽማው ጋ አምሽቶ ሽቶ እየሸተተ ቤቱ ይገባል?

አፀደ፦ ታዲያ ምን ያድርግ?

ረታ፦ ስብሰባ ነበረኝ ይበላታ! በዚህ ዘመን ስብሰባን ደፍሮ የሚጠይቅ ማን አለ?

አፀደ፦ አይ ብልሃት! ለእኔ በጭራሽ አይመጣልኝም።

ረታ፦ ሴትዮዋ ደግሞ ደህና ሁን እንኳ ሳትል ሹልክ! እንዲህ ያለ ነገር የት አለ? ሴት ልጅ ብቻዋን ወጥታ የት ትደርሳለች?

አፀደ፦ እህት ካላት እህቷ ጋ። ሙያ ካላት ደግሞ የትም።

ረታ፦ [እየሳቀ] ያንቺ እህት የምትኖረው ሃያ ሁለት ማዞሪያ ነው። አንቺ ብቻሽን ሃያ ሁለትን ልታገኚ!

አፀደ፦ [ክሩን በጥርሷ በጥሳ] ረታዬ፣ ሻንጣው በእርግጥ ቀይ ነው?

ረታ፦ በዓይኔ በብረቱ!

አፀደ፦ እንግዲያው አመንኩህ። የቀበሌው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ስለሆነ እኮ ነው እኛ ያልታየን። በሰፈሩ ባለከለር ያላት ያቺ ወንድሟ ከጅዳ ያመጣላት ስንዱ ብቻ ናት።

ረታ፦ ስንዱ? የ... የትኛዋ ስንዱ?

አፀደ፦ ሽቶ የማትቀባዋ። ብልሃተኛዋ።

ረታ፦ ቆይ! ቆይ ላስረዳሽ...

[ሌላ አውሮፕላን። ረታ እንደ ልማዱ ጣቱን ቀስሮ፣ ወደ ጣራው አንጋጦ ይጠብቃል፤ በልቡ ማስረጃውን ይደረድራል። ይኼኛው ግዙፍ ነው፣ ቶሎ አያልፍም። አፀደ የስፌት መኪናዋን ትከድናለች። ከአልጋው ሥር ሻንጣ ትስባለች። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አንጠልጥላ ትወጣለች። ድምፁ ይርቃል።]

ረታ፦ ...የስብሰባው ሊቀመንበር ምስክሬ ነው! አፀደ? [ዞር ይላል፤ ማንም የለም። በመስኮቱ ብቅ ይላል። ደጅ በቆመ ታክሲ ላይ የአፀደ ሻንጣ እየተጫነ ነው። ትኩር ብሎ ያያል።] ...ጥቁር ነው።