ሁመድ በአዲሱ ቅጽ ላይ መስመር ስለማጣቱ

ቀን፦ እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 1972 ዓ.ም.፤ ከጠዋቱ 3፡00 ተጠርቶ 4፡40 ተጀመረ።

ቦታ፦ ልደታ፣ የቀበሌው አዳራሽ በረንዳ (የአዳራሹ ቁልፍ ስለጠፋ)።

የተገኙ፦
1. ጓድ አምሳሉ፣ ሊቀ መንበር
2. ጓድ ሀረገወይን፣ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ
3. ጓድ በከር፣ የኅብረት ሱቁ ተወካይ
4. ጓድ ነጋ፣ ጸሐፊ (ይህን የምጽፈው)

ያልተገኙ፦ ጓድ ገብረየሱስ፤ ስኳር መጥቷል ተብሎ ሰልፍ ይዘዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስት ሰው ያስፈልጋል። ዘበኛው ጓድ አብዱልወሃብ በሩ ሥር ተቀምጠው ስለሚሰሙ አምስተኛ ሆነው ተቆጥረዋል።

አጀንዳ 1፦ የራሽን ካርድ ዝውውር

ወ/ሮ መይሙና ከተክለ ሃይማኖት ወደ ቀበሌያችን ሲዛወሩ የያዙት መሸኛ በአሮጌው ቅጽ መሆኑን ጓድ ሀረገወይን አስረዱ። አሮጌው ቅጽ ለልጆች ሰባት መስመር አለው፤ አዲሱ፣ የተሻሻለ በመሆኑ፣ አራት ብቻ። የወ/ሮ መይሙና ልጆች አምስት ናቸው። የቀድሞ ቀበሌያቸው ወዲያውኑ ስለሰረዛቸው ቤተሰቡ ሦስት ሳምንት ዱቄት አላገኘም።

ጓድ በከር በማስመሪያ አምስተኛ መስመር ይሰመር አሉ። ጓድ ሀረገወይን ከበላይ በመጣ ቅጽ ላይ መስመር መጨመር አሻጥር ነው ሲሉ ተቃወሙ። ሊቀ መንበሩ ሁለቱ ታናናሾች መንታ ተብለው በአንድ መስመር ይጻፉ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በረንዳው ሥር ቆመው የሚጠብቁት ባለጉዳይዋ ወ/ሮ መይሙና በልጆቹ መካከል የሁለት ዓመት ልዩነት እንዳለ ሲናገሩ፣ ሊቀ መንበሩ ልዩነት በውይይት ይጠባል ብለው መለሱ።

ጓድ ሀረገወይን የመጨረሻው ልጅ ሁመድ ለጊዜው በቀድሞው ቀበሌ ይቆይ አሉ። ወ/ሮ መይሙና፣ ኧረ በአላህ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ብቻውን ተክለ ሃይማኖት ሄዶ ይሰለፍ ወይ ብለው ጮኹ፤ ሳይፈቀድላቸው በመናገራቸው ተገሠጹ። ጓድ በከር፣ ዘበኛው ያለ ቅጽ አምስተኛ ሆነው ከተቆጠሩ ልጁ ምን አጠፋ ሲሉ ጠየቁ። ዘበኛው ዱቄት አልጠየቁም የሚል መልስ ተሰጠ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ) አራቱ ልጆች በአዲሱ ቅጽ ይመዝገቡ፤ ሁመድ ይበልጥ የተሻሻለ ቅጽ እስኪመጣ ይጠብቅ። ጓድ በከር «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ነበር፤ ተረቱ የፊውዳል ቅሪት ስለሆነ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ታዟል።

ለ) እንዲህ ያለ መደናገር እንዳይደገም፣ በአሮጌው ቅጽ የተሰጠ ካርድ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም።

ውሳኔው በጭብጨባ ጸደቀ።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ጓድ በከር የኮሚቴው አባላት ካርድ በየትኛው ቅጽ እንደተሰጠ ጠየቁ። ሁሉም ከኪሱ አወጣ። ሁሉም አሮጌ ነው። በሊቀ መንበሩ ካርድ ላይ ስድስት ልጆች አሉ። ሁሉም ካርዱን መልሶ ኪሱ ከተተ። ከዚያም ጓድ ሀረገወይን አሮጌው ቅጽ ረጋ ተብሎ ሲታይ ያን ያህል ጉድለት እንደሌለበት አስረዱ።

በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦ ዛሬ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል፤ አሮጌው ቅጽ በቀበሌው ቀደም ብለው ለተመዘገቡ ይሠራል። ወ/ሮ መይሙና ቀደም ብለው ስላልተመዘገቡ የአራቱ ልጆችም ፈቃድ አብሮ ቀርቷል። ይህን ያነበብኩላቸው እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ አፍሬ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ስብሰባው ከቀኑ 7፡10 ተዘጋ። ወ/ሮ መይሙና ዛሬ ለአምስቱ ምን ላብላቸው ብለው የጠየቁት 7፡11 ላይ ስለሆነ አልተመዘገበም።