ሽፋኑ ላይ ያለው ደረት

ሽፋን ማለት አንድን ነገር ከላይ ሆኖ ከአቧራ፣ ከዝናብና ከሰው ዓይን የሚጠብቅ ሌላ ነገር ነው። ፍራሽ ሽፋን አለው። ደብተር ሽፋን አለው። የመኪና ወንበርም አለው። በዚህ ትርጉም የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ቢኖርም እረታዋለሁ።

አሁን እስቲ ንገሩኝ፤ የዘፈን ሽፋን የሚሸፍነው ምኑን ነው? በካሴቱ ዘመን እሺ፣ ካሴቱን ይሸፍን ነበር። ዛሬ ካሴትም የለ፣ ሲዲም የለ። ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ በአየር ነው የሚሄደው። አየር ምን ሽፋን ያስፈልገዋል? ሽፋኑ ግን አልቀረም። እንዲያውም ብሶበታል።

በተለይ የጭፈራ ዘፈን ሽፋን። አይታችሁታል፤ አላየንም አትበሉኝ። ዘፋኙ አንዱን ትከሻ ወደ ጆሮው ሰቅሎ፣ ሌላውን ጥሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ጥርሱን በሙሉ ያሳያል። ልብሱ ነጭ ነው፤ ጥለቱ ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ይወርዳል። ከጀርባው ፏፏቴ አለ። ከእግሩ ሥር ጣት የሚያክሉ አራት ልጃገረዶች ይጨፍራሉ። አንዳንዴ አንበሳ ይጨመራል፤ ምን ሊሠራ እንደመጣ አይታወቅም። ፊደሉ ደግሞ እሳት ይነድበታል። በእኛ ደጋ አገር ውርጭ የሚሞቀው ፊደሉ ብቻ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ፏፏቴው ነው። ፏፏቴ ሥር የዘፈነ ሰው አሳዩኝ! ቢዘፍንስ ማን ይሰማዋል?

ሞላሌ ከተማ ካሴት ይሸጥ የነበረ አንድ ወዳጅ ነበረኝ። አንዴ የሁለት ዘፋኞች ሽፋን ተቀያይሮበት ሳያውቅ ሳምንት ሙሉ ሸጠ። ዘፋኙ ሌላ ነው ብሎ የመጣ አልነበረም። አንድ ሰውዬ ብቻ ካሴቱን ይዞ ተመለሰ፤ የጎረቤቴ ላይ አንበሳ አለ፣ የእኔ ላይ ለምን የለም ብሎ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት በጋሽ አጥናፉ ምክንያት ነው። ጋሽ አጥናፉ የዘመሮ ገብስ ገበሬ ናቸው። ከመርሐቤቴ እስከ ግሼ ሠርግ ሲደገስ ይጠራሉ፤ ድምፃቸው ቁጭ ያለውን ሁሉ ያስነሳል። ሲዘፍኑም ሲጨፍሩም በርኖሳቸውን፣ ያን የበግ ፀጉር ካባ፣ አያወልቁም። የሚያወልቅ አለ እንዴ? የጓሳ ተራራ ብርድ ከሰዓት በኋላ ወደ እኛ ይወርዳል። ስለዚህ የእኛ እስክስታ በርኖስ ውስጥ ነው። ትከሻው አይታይም። የሚታየው ከበርኖሱ ትከሻ ላይ ሾጠጥ ብላ የወጣችው ጫፍ ስትንቀጠቀጥ ነው። የሚያውቅ ሰው ያችን ጫፍ አይቶ ጨፋሪው ማን እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። የጋሽ አጥናፉ ጫፍ ሁለቴ ትንቀጠቀጥና ቀጥ ትላለች። ያኔ ዳሱ ሙሉ ይጮኻል።

አንድ ቀን ወደ መሃል ሜዳ አብረን ስንሄድ አውቶቡሱ ውስጥ የእሳቸው ዘፈን ተከፈተ። ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነው።

«ይሄ ዘፈን የማን ነው?» አሉት ሹፌሩን።

ሹፌሩ የአንድ የከተማ ዘፋኝ ስም ጠራላቸው። ስንወርድ ጋሽ አጥናፉ ክንዴን ያዝ አደረጉና፣ «መምህር፣ ሳልሞት እኔም ላስቀርፀው። መልኬም ይኑርበት። አገሩ ይሄስ የአጥናፉ ነው ይበልልኝ» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ተቀረፀ። በርኖሳቸውን ለብሰው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ፎቶ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ላለ አንድ ሽፋን ሠሪ በቴሌግራም ላክሁለት። በሦስተኛው ቀን ሥራውን መለሰልኝ። ጭንቅላቱ የጋሽ አጥናፉ ነው። ከአንገት በታች ያለው ግን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ደረቱ የተወጠረ፣ ትከሻው ጆሮ የደረሰ ወጠምሻ ነው። ፏፏቴው አለ። አንበሳው አለ።

የጋሽ አጥናፉ ባለቤት እትዬ በላይነሽ ስልኬን ተቀብለው ብዙ ተመለከቱ።

«ይሄ ደረት የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ ይሆናል» አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ ወደ ራሳቸው ጎንበስ ብለው እያዩ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን የት ደብቀኸው ነው?» አሉና ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «በርኖሱስ? እኔ የፈተልሁትን ማነው የገፈፈው?»

የበጉን ፀጉር ፈትለው ያሠሩላቸው እትዬ በላይነሽ ናቸው። ቱግ አልሁ። እዚያው ለሽፋን ሠሪው ደወልሁ።

«በርኖሱ የት ሄደ ወንድሜ?»

«ብርድ ልብሱን ነው ጋሼ? አጠፋሁት። ትከሻውን ከለለብኝ።»

ብርድ ልብስ አለው! «ማን አጥፋ አለህ?»

«የጭፈራ ሽፋን ያለ ትከሻ ይሆናል እንዴ? ሰው የጭፈራ ዘፈን መሆኑን በምን ያውቃል?»

«ሰምቶ ነዋ!»

«ሳይከፍተው እንዴት ይሰማል ጋሼ?»

ይህ ይበልጥ አናደደኝ። «አንበሳውስ?» አልሁት።

«እሱ ከፏፏቴው ጋር አብሮ ነው የሚመጣው።»

ከዚያ በኋላ ስለ በርኖስ ረጅም ትምህርት ሰጠሁት። ስለ ብርዱ፣ ስለ ፈትሉ፣ ስለዚያች ጫፍ። ልጁ ሥርዓት ያለው ነው፤ አላቋረጠኝም። ስጨርስ፣ «ታዲያ ምን ይደረግ ጋሼ?» አለኝ።

«በቃ ምንም እንዳትነካ! እንዳለ ይውጣ።»

«እንዳለ?»

«እንዳለ!»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሌሎቹ እኮ በጣም ነው የሚያለፉኝ።»

ምስጋናው ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። በማግሥቱ ዘፈኑ ከነሽፋኑ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። እንዳለ። አንበሳውም እንዳለ፣ ደረቱም እንዳለ።

እኔ እኮ ያልሁት ፎቶው እንዳለ ነው። ግን ብያለሁ? «እንዳለ ይውጣ» ብቻ ነው ያልሁት። የሚወጣው ምኑ ነው? ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር! ስንቱን ተማሪ በዚህ ስህተት በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። ዘፈኑ ባለቤቱን እንዲያገኝ የተላክሁ ሰው፣ የራሴን ዓረፍተ ነገር ባለቤት ረስቼ ጉድ ሠራሁ። ልጁን ቀይረው ስለው፣ አሁን ከወረደ ያየው ሰው ቁጥር ሁሉ ይጠፋል አለኝ። ጋሽ አጥናፉ፣ «ተወው መምህር፣ ስሜ አለበት አይደል» አሉኝ። ይህን ሲሉ ግን አላዩኝም።

ዘፈኑ ተወደደ። ግሼ ለሠርግ ተጠሩ፤ እኔም አጀብኋቸው። የዳሱ በር ላይ ሚዜዎቹ ተቀበሉን።

«ይግቡ አባቴ፣ እዚያ ጋ አረፍ ይበሉ። ዘፋኙ ገና አልመጣም።»

«ዘፋኙ እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ አጥናፉ።

አንደኛው ሚዜ ስልኩን አወጣ። ሽፋኑን አየ፣ በርኖሱን አየ፣ ደረታቸውን አየ። «አይቀልዱ እንጂ አባቴ» ብሎ በትህትና ወደ ውስጥ መራን።

ተቀመጥን። ዘፋኙ እስኪመጣ ተብሎ የራሳቸው ዘፈን በድምፅ ማጉያ ተለቀቀ። መቼም የራስ ዘፈን ሲዘፈን ቁጭ አይባልም፤ ተነሱ። የበርኖሱ ጫፍ ሁለቴ ተንቀጠቀጠችና ቀጥ አለች። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በደስታ አጨበጨቡ። «እሰይ! ቁርጥ አጥናፉን!» አሉ። «የሱን እስክስታ እንዲህ የሚያስመስል አይቼ አላውቅም!»

ተነስቼ ልናገር ስል ጋሽ አጥናፉ ኮቴን ስበው አስቀመጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት በር ላይ አይከራከሩም። ሽፋኑ ላይ ያለው ሰውዬ ታላቅ ወንድም ነኝ፣ እሱ ስላልተመቸው እኔን ልኮኛል ይላሉ። ያስገቧቸዋል። ዘፍነው ሲጨርሱ ሰዎቹ በር ድረስ ይሸኟቸውና፣ ለታናሽዎ ሰላም ይበሉልን ይሏቸዋል። እሺ ብለው ይመጣሉ።