የአያቴ ቤት ወራሾች

መካነ ሰላም መጥቶ ቤታችንን ያላየ ሰው አለ? ከገበያው ወረድ ስትሉ፣ አረንጓዴ በር ያላት፣ ጣሪያዋ የዛገ። «ቤታችን» የምለው ለአፍ ልማድ ነው። እኔ የምኖረው እማማ ዘውዴ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው።

ቤቷን የሠራት አያቴ ነው። ሰውየው ሁለት ቤት ነበረው፤ ጥፋቱ እሱ ነው። ደርግ መጣና አንዷን «ትርፍ» አላት፤ ቀበሌው የስብሰባ አዳራሽ አደረጋት። አያቴም ስብሰባ ይጠራ ነበር። በገዛ ሳሎኑ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ቤቱን ለወሰዱበት ሰዎች ያጨበጭባል።

መንግሥት ሲቀየር አባቴ ስንት ደጅ ጠንቶ አስመለሳት። አባቴ ሲታመም ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ የት ነበር? ሹፌር ነዋ፣ ደሴ! ስሙ ይመር ነው። ከይመር እስከ ይማር ስንት ፊደል አለ? አንዲቷን መሻገር አቅቶት ከአራተኛ ክፍል ወጣ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ተማርኩ። እሱ አይሱዙ ገዛ። በሰፈሩ ዓይን ግን ምስኪኑ እሱ ነው።

የአባቴ ተዝካር እንዳለፈ ስለ ቤቷ ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔ የጠየቅሁት ግማሿን ብቻ ነው። ይመር አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ መሃይም ነኝ፣ ያላችሁትን» አለ። አይ ይመር! መሃይምነቱን እንደ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ቢሰቅለው ደስ ይለዋል።

ትልቁ ሽማግሌ የአያቴ ጎረቤት የነበሩት ሼህ እንድሪስ ናቸው። ዱዓ አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ጀመዓው፣ ነገር አናብዛ» አሉ። «ይህ ልጅ ተምሯል። ይገባዋል።»

«ይገባዋል!» አሉ የቀሩት በአንድ ድምፅ። «እንዴታ! ይሄን ሁሉ ተምሮ!» ይመር ራሱ «ይገባዋል» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ዕንባዬ መጣ። በዚህ አገር ትምህርት የሚከበርበት ቀንም መጣ? ብድግ ብዬ የሁሉንም ጉልበት በየተራ ሳምኩ። ሼህ እንድሪስ ጋ ስደርስማ «አላህ ያክብርልኝ» አልኩ፤ ክርስቲያን ነኝ እኮ።

ሼሁ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አብሽር ልጄ። ያልተማረ ቢሆን ድርሻዬ፣ ግማሼ እያለ ሲጨቃጨቀን ይውል ነበር። አንተ ግን ቤቷን ለምስኪኑ ወንድምህ ተውለት ሳንልህ ተውክለት።»

ከዚያ ወደ ይመር ዞሩ።

«አላልኩህም? ገባው!»